ኬላ ላይ ብቅ ያለው የጥንት ባሕር

ቅሪተ አካል ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ አፋር በረሃ ይሄዳል። ሉሲ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችው እዚያው ሐዳር ነውና አያስገርምም። በረሃው ግን የታደለው ብዙ አጥንት ስለተቀበረበት ብቻ አይደለም። ሣርና ዛፍ አይሸፍነውም፤ ድንገተኛ ጎርፍና ነፋስ አፈሩን እየጠረጉ የተቀበረውን ያወጡታል። ተመራማሪው ገና ሳይቆፍር በዓይኑ ያያል።

በጉራጌ ይህ የለም። በቸሃ ከእምድብር ወደ ወልቂጤ ብትጓዙ ዓለቱ በእንሰት፣ በባሕር ዛፍና በወፍራም አፈር ተሸፍኗል። አፈሩም በአመዛኙ የጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ ፈራርሶ የተፈጠረ ነው። ታዲያ ከዚያ በታች ያለው በምን ይታወቃል? እዚህ የጎርፉንና የነፋሱን ሥራ የሠራው የምድር መሰንጠቅ ነው።

የጉራጌ ተራሮች ምሥራቃዊ ገጽ የስምጥ ሸለቆው ግድግዳ ነው። የምድር ቅርፊት ሲለጠጥ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ አንድ ወገን ያለው መሬት ይሰምጣል፣ ሌላው ከፍ ብሎ ይቀራል። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ፣ ቡኢን አልፎ ኬላ አካባቢ፣ በስንጥቆች መካከል ከፍ ያለ መሬት አለ። እዚያ የሚታየው ድንጋይ በዙሪያው ባለው አገር ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ ሥር ጠልቆ የተቀበረ ነው። ከታች ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ መሠረታዊ ዓለት፣ በላዩ ደግሞ በዳይኖሰሮች ዘመን የተነጠፈ የአሸዋና የኖራ ድንጋይ ይገኛል። የኖራ ድንጋዩን ያስቀመጠው ባሕር ነው። በትግራይና በዓባይ ሸለቆ የምናየው የኖራ ድንጋይም በዚያው ዘመን አገሩን ያጥለቀለቀው ባሕር ቅሪት ነው። ዛሬ እንሰት የሚተከልበት ደጋ አጠገብ የባሕር ወለል መውጣቱ፣ ለእኔ ከጉራጌ ድንጋዮች ሁሉ ትልቁ ምስክር ነው።

የስምጥ ሸለቆውን ታሪክ በዓመት ለክተው ካስቀመጡት አንዱ ኢትዮጵያዊው የሥነ ምድር ተመራማሪ ግደይ ወልደገብርኤል ናቸው። ከባልደረቦቻቸው ጋር በዚህ የስምጥ ሸለቆ ክፍል ላይ የሠሩት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990 ታተመ። ዘዴው ይህ ነው፤ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ካለው ፖታሲየም ጥቂቱ በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል፤ ድንጋዩ ከቀዘቀዘ በኋላ ጋዙ ታፍኖ ይቀራል። የተጠራቀመው ጋዝ ተለክቶ ከፖታሲየሙ መጠን ጋር ሲነጻጸር ዕድሜው ይታወቃል። የአፋር ቅሪተ አካላት ዕድሜም በዋናነት የሚሰላው በዚሁ መንገድ፣ ከላይና ከታች ባለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው።

ወደ ቡታጅራ በሚወስደው በዚያው ጎዳና ላይ ያለው የቅድመ ታሪክ ሥፍራ፣ መልካ ቁንጥሬ፣ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ኬላ ግን እስካሁን ከባለሙያ ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ነው። የቡታጅራና የወልቂጤ መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁን አንድ ቀን ወደዚያ ውሰዱ። ድንጋይ የምታወጡም ሆነ መንገድ የምትቆርጡ፣ አጥንት ወይም ዛጎል የሚመስል ነገር ካጋጠማችሁ ከቦታው ሳታነሡ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ።