የቆቦ መሬት የቀበረው ብር፤ ዲቴክተር ይዞ መፈለግ ያዋጣል?

ባንክ ባልነበረበት ዘመን የገበሬውም የነጋዴውም ካዝና መሬት ነበር። በራያ ቆላ «እከሌ ብሩን በማሰሮ ቀብሮ ሞተ» የሚለው ወሬም መነሻው ይኸው ነው። ለመሆኑ በቆቦና አካባቢዋ ብረት ጠቋሚ መሣሪያ (ዲቴክተር) ይዞ የሚወጣ ሰው ምን ያገኛል? የትስ ይፈልግ? ሒሳቡን አብረን እንሥራ።

ምን ይገኛል?

በይበልጥ የሚጠበቀው ጠገራ ብር፣ ማለትም ማርያ ቴሬዛ ነው። ክብደቱ 28 ግራም ሲሆን፣ ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ መነሻ ዋጋው የዕለቱ የአንድ ግራም ብር ዋጋ በ23.4 ሲባዛ የሚገኘው ነው። በላዩ የተቀረጸው 1780 የሚለው ዓመተ ምሕረት ዋጋ አይጨምርም። ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም በልዩ ልዩ አገሮች ሲመታ የኖረው በዚያው ዓመት ነውና።

የት ይፈለግ?

ሰው ተሰብስቦ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ በተለዋወጠበት ሁሉ፦ በድሮ የገበያ ሜዳ፣ ሲራራ ነጋዴ ባደረበት፣ በትልልቅ ዋርካ ሥር፣ በወንዝ መሻገሪያ።

ነገር ግን የቆቦ ሜዳ ደለል ነው። ጎሊናና ሆርማት በየክረምቱ ከደጋው አፈር አምጥተው ያለብሱታል። ተራ ዲቴክተር አንዲትን ሳንቲም የሚያገኘው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ ነው። እንግዲህ በሜዳው መሐል መሣሪያው ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። የተሻለው ቦታ ጎርፍ አፈር የሚሸረሽርበት የተራራው ግርጌ ነው። እዚያም ቢሆን የመሬቱን ባለይዞታ ማስፈቀድ ይቀድማል። ከአሥር ጩኸት ብዙው ምስማርና ቆርኪ መሆኑም አይዘንጋ።

ትልቁ ወጪ

ከወልድያ ወደ አላማጣ የሚወስደው መንገድ በቆቦ ያልፋል። ጦርነትም በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በዚያው አልፏል፤ ከነሐሴ 2015 ወዲህም ግጭት ታይቶበታል። መሣሪያው ጠገራ ብርን ከሞርታር ጥይት አይለይም፤ ለሁለቱም ይጮኻል። ስለዚህ ምሽግ የነበረበት፣ ጦር የሰፈረበትና በመንገዱ ዳር ያለ ኮረብታ ጨርሶ አይፈለግበትም። ያልፈነዳ ተተኳሽ ያየ ሰው ሳይነካው፣ በመጣበት ዱካ ተመልሶ ለቀበሌው ወይም ለፖሊስ ይንገር። ቁርጥራጭ ብረት ለቅመው ለቁራሌው የሚሸጡ ልጆችንም መምከር የወላጅ ድርሻ ነው። የጥቂት ኪሎ ብረት ዋጋ እግር አይተካም።

ሕጉስ?

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ቆፍሮ ለመፈለግ ፈቃድ ይጠይቃል። ሲያርስ ወይም ቤት ሲሠራ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ማሳወቅ አለበት። አስረክቦ ከሆነ ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠውና ያወጣው ወጪ እንዲተካለት አዋጁ ይደነግጋል። በድብቅ ለደላላ የሚሸጥ ግን በርካሽ ይሸጣል፤ ገዥው የሥጋቱን ዋጋ ከሻጩ ላይ ይቀንሳልና። ዕቃው የት እንደተገኘ ካልታወቀ ደግሞ የአገሩ ታሪክ አብሮ ይጠፋል።

ሲደመር

በአንድ ወገን የመሣሪያው ዋጋ፣ የቀናት ድካምና የሕይወት ሥጋት፤ በሌላው 23.4 ግራም ብር፣ እሱም ከተገኘ። በዚያ ላይ ከጠገራው ብዙው አንጥረኛ ቤት ቀልጦ መስቀል፣ አምባርና ድሪ ሆኗል። ለቆቦ ሰው ከሁሉ የቀረበው የብር ክምችት ምናልባት የአያቱ ሣጥን ነው። እሱን ደግሞ ለመጣ ደላላ ሁሉ ከመስጠት በፊት በሚዛን ማስመዘን ይበጃል።