ሲፈላ የሚጠፋው መድኃኒት

ባለፈው ወር ጎረቤቴ ለቡና ስትመጣ አንድ ከረጢት ደረቅ ቅጠል ይዛ ነበር። «ሲስተር፣ ለወባ ነው ይሉኛል፤ ቆላ ላለችው ልጄ ልላክላት?» አለችኝ።

አርቴሚዥያ ነው። አገራችንም ይበቅላል፣ እንደ ሻይ ይጠጣል። ጤና ጣቢያ ሳለሁ ለወባ ሕሙማን ስሰጥ የኖርኩት ኮአርተም መነሻው ከዚሁ ተክል የሚወጣው አርቴሚሲኒን ነው። ሰው ታዲያ ሻዩንና ክኒኑን እኩል ያያቸዋል።

ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩም ቅጠሉን ሲያፈሉት ውጤቱ አልጨበጥ ብሏቸው ነበር። አንድ ጥንታዊ የሕክምና መጽሐፍ ቅጠሉን በውኃ ዘፍዝፈህ ጭመቀው እንጂ አፍላው እንደማይል አስተዋሉ። ሙቀቱ መድኃኒቱን ያጠፋው ይሆን? ብለው በ35 ዲግሪ ገደማ በሚፈላው በኤተር አወጡት። በ1971 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ ሠራ፤ በተከታዩ ዓመት ደኅንነቱን ለማየት ራሳቸው ቀድመው ጠጡት። በ2015 የኖቤል ሽልማት አገኙበት።

ቅባት የያዘ ድስት በውኃ ብቻ እንደማይለቅ ሁሉ አርቴሚሲኒንም በውኃ እምብዛም አይሟሟም። ስለዚህ ከአንዱ ሲኒ ጥቂት፣ ከሌላው ከዚያም ያነሰ ይገኛል።

ከቅጠል የወጣው ምን ምን እንደሆነ የሚለይበትን ዘዴ ለልጅ ልጄ በቆስጣ አሳይቻታለሁ። ደቁሼ በአልኮል ዘፈዘፍኩት፤ የቡና ማጥለያ ወረቀት ቀድጄ ጫፉን ነከርኩ። ፈሳሹ ሽቅብ ሲሳብ አረንጓዴው ወደ ኋላ ቀረ፣ ቢጫው ቀደመ። «እማማ፣ ቢጫው የት ነበር?» አለችኝ። በአረንጓዴው ተሸፍኖ ነበራ!

ቤተ ሙከራም መንገዱ ይኸው ነው፤ ስሙ ክሮማቶግራፊ። በወረቀት ፈንታ ነጭ ዱቄት የተለበጠ የመስታወት ሰሌዳ ይጠቀማሉ። የቅጠሉን ጭማቂና የታወቀውን አርቴሚሲኒን ጎን ለጎን ያንጠባጥባሉ፤ ቀለም የሚያወጣ ኬሚካል ረጭተው ያሞቁታል። ነጠብጣቦቹ የሚቆሙበት ከፍታ የተክሉ የጣት አሻራ ነው። ገበያ ላይ አርቴሚዥያ ተብሎ የተሸጠ ሌላ ቅጠል እዚያ ይጋለጣል። አሻራው ቢገጥምም ግን በሲኒው ውስጥ ለአንድ ሕመምተኛ የሚበቃ መጠን አለ ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ሻዩን ለወባ የማይመክረውም ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ ሳስረዳ ስልኳን አነሳች። ልጅቷ ለካ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያንቀጠቅጣት ኖሯል! «ቅጠሉን እየጠበቅኩ ነው» አለች። ስልኩን ተቀብዬ ትንሽ ተቆጣኋት። በዚያው ቀን ደሟን ተመርምራ ወባ ተገኘባት፤ የሦስት ቀን ክኒኗን ጀመረች።

ከረጢቱ እኔ ዘንድ ቀርቷል። ሽታውን ስለወደድኩት አልጣልኩትም።