በዓይን ብቻ አይተው ስለሚገዙት ጫማ

ልብስ ሰፊ ጨርቁን ከመቍረጡ አስቀድሞ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ትከሻንና ወገብን ይለካል። ጫማ ግን በብዛት የሚሠራው የለባሹን እግር ባላየ ሰው እጅ ነውና፥ ልኩን የመፈለጉ ድካም የሚወድቀው በገዢው ላይ ነው። ገዢዋ ከሱቅ ገብታ ሦስት አራት ጫማ አስወጥታ ስትሞክር ይህ ድካም ቀላል ነበረ። ዛሬ ግን ከእኅቶቻችን ብዙዎቹ ጫማውን በቴሌግራም በፎቶግራፍ አይተው፥ ዋጋውን በቴሌብር ወይም በባንክ ልከው፥ ዕቃውን በሞተር ብስክሌት እቤታቸው ድረስ ያስመጣሉ። ጊዜንና የታክሲ ገንዘብን ስለሚያተርፍ ነገሩን አንነቅፈውም። ነገር ግን ፎቶግራፍ ቀለምን ያሳያል እንጂ ልክን አያሳይም።

ይልቁንም ችግሩ የሚብሰው ተረከዙ ዝቅ ባለው፥ የከተማ ሴቶች ፍላት በሚሉት ጫማ ላይ ነው። ክር ያለው ጫማ ጥቂት ቢሰፋ ክሩን ሳብ አድርገው ያስሩታል። ፍላት ግን እግርን የሚይዘው በተረከዙ ጀርባና በአፉ ዙሪያ ብቻ ነው። የሰፋ እንደ ሆነ በየእርምጃው ከተረከዝ ይወልቃል፤ ለባሽቱም እንዳይወልቅባት ጣቶችዋን እያጠፈች ስትራመድ ትውልና ማታ እግርዋ ዝሎ ትገባለች። የጠበበ እንደ ሆነ ደግሞ የተረከዝን ጀርባ ይልጣል፤ በአውራ ጣትዋ ሥር ያለው አጥንት ወደ ውጭ የወጣባትን ሴት ሕመምዋን ያብስባታል። የስኳር ሕመም ላለባቸው እናቶች ነገሩ ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው። ሕመሙ የእግርን ስሜት ሊያደነዝዝ ስለሚችል፥ ጫማው ሲልጣቸው ላይሰማቸው ይችላል፤ ሳይታወቅ የቆየ ትንሽ ቍስልም እግርን እስከ ማስቈረጥ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የጫማ ልክ የጌጥ ነገር ብቻ አይደለም።

ስለ ቍጥሩ አለመተማመን

ብዙዎች ሻጩ ልካቸውን ሲጠይቃቸው «38 ነኝ» ብለው ይመልሳሉ። ይህ መልስ በቂ አይደለም። የአውሮፓ ቍጥር የሚቈጠረው በሰው እግር ላይ ሳይሆን ጫማው በሚሠራበት እግር መሳይ ቅርጽ ላይ ነው። አንዱ ቍጥር የአንድ ሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ ስለ ሆነ፥ 38 ማለት የቅርጹ ርዝመት 25.3 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ለጣት ማረፊያ ምን ያህል ትርፍ እንደሚተው የሚወስነው ግን እያንዳንዱ ሠሪ ነው። እንግዲህ የአንዱ 38 ሲጠብ የሌላው 38 ቢሰፋ ሊያስደንቀን አይገባም።

የቻይና ሠሪዎች ደግሞ ከእግር ርዝመት ተነሥተው በሚሊ ሜትር ይቈጥራሉ። በጫማው ላይ 240 የሚል ቍጥር ቢታይ፥ 24 ሴንቲ ሜትር ለሆነ እግር የታሰበ ነው፤ በእነርሱም ዘንድ 38 ማለት ይኸው ነው። ነገር ግን በአውሮፓው ከአንዱ ቍጥር ወደሚቀጥለው 6.7 ሚሊ ሜትር ያህል ሲጨመር፥ በቻይናው የሚጨመረው 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እንግሊዝና አሜሪካ በቍጥር መካከል ያለው ርቀት አንድ ሆኖላቸው ሳለ፥ የሚነሡበት ስፍራ ስለሚለያይ የአንዱ 5 የሌላው 5 አይደለም። ስለዚህ በዋሽንግተን ያለች እኅት «ቍጥርሽን ንገሪኝና ልላክልሽ» ስትል፥ ከቍጥሩ ይልቅ የእግርን ርዝመት በሴንቲ ሜትር መጻፍ ይሻላል። በሰው ሻንጣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ጫማ ለመመለስ አይመችምና።

ስለ አለካኩ

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በአሜሪካ በሲራኪዩስ ከተማ ቻርልስ ብራኖክ የሚባል ሰው ለጫማ ሻጮች አንድ የእግር መለኪያ ሠራ። መሣሪያው የሚለካው ሦስት ነገር ነው፤ ይኸውም የእግርን ሙሉ ርዝመት፥ ስፋቱንና ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት ሥር ያለውን ርቀት ነው። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። ጫማ መታጠፍ ያለበት እግር በሚታጠፍበት ቦታ ነውና፥ ርዝመታቸው እኩል ከሆነ ሁለት ሴቶች አንዱ ጫማ ለአንደኛዋ ተስማምቶ ሁለተኛዋን ሊያሳምማት ይችላል።

ይህ መሣሪያ በቤታችን ባይኖር ወረቀት፥ እርሳስና ማስመሪያ ይበቃል። እግር ሲውል ያብጣልና መለካት የሚገባው ወደ ማታ ነው። ወረቀቱን ከግድግዳ ጋር አስጠግቶ በወለል ላይ ማንጠፍ፥ ተረከዝን ከግድግዳው አስነክቶ በላዩ መቆም፥ ሌላ ሰውም እርሳሱን ቀጥ አድርጎ ይዞ የእግሩን ዙሪያ እንዲያሰምር ማድረግ ነው። ተቀምጦ መለካት አይገባም፤ እግር የሰውነት ክብደት ሲያርፍበት ይረዝማል፥ ይሰፋልም። ከዚያም ከግድግዳው እስከ ረጅሙ ጣት ያለው ርዝመትና የሰፊው ቦታ ስፋት ይለካል። ረጅሙ ጣት በአንዳንድ ሰው ከአውራ ጣት ቀጥሎ ያለው ነው። ሁለቱ እግሮች እኩል ስለማይሆኑ ሁለቱንም ለክቶ በትልቁ መግዛት ይገባል። በእርግዝና ምክንያት እግርዋ የረዘመባት እናት አለችና፥ ከወሊድ በፊት የያዘችውን ልክ ሳታምን እንደገና ትለካ።

ከሻጩ ጋር ስለ መነጋገር

ልኩ ከታወቀ በኋላ ለሻጩ በዚህ ዓይነት መጻፍ ይቻላል፤ «እግሬ በርዝመቱ 24 ሴንቲ ሜትር፥ በስፋቱ 9 ተኩል ነው። እባክዎ ማስመሪያ በጫማው ውስጥ ከተረከዙ እስከ ጫፉ አግብተው ርዝመቱን ይጻፉልኝ። ልኬ ባይሆን በስንት ቀን ይለወጥልኛል? የመመለሻውንስ ሒሳብ ማን ይከፍላል?» ለፍላት የውስጡ ርዝመት ከእግሩ ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ቢበልጥ ደኅና ነው። አፍንጫው የሾለ ከሆነ ግን ጫፉ ለጣት ስለማይሆን ከዚህ ይበልጥ ትርፍ ይፈልጋል፤ እግርዋ ሰፊ የሆነችም አፍንጫው ክብ የሆነውን ብትመርጥ ይሻላታል። ቆዳ በመለበስ ብዛት በስፋቱ ጥቂት ይለቃል እንጂ አይረዝምም፤ ፕላስቲክ መሳዩ ግን በስፋቱም እንኳ የሚለቀው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ «ሲለበስ ይሰፋል» የሚለውን ቃል ሰምቶ ያጠረ ጫማ መግዛት አይገባም።

ሴንቲ ሜትሩን በጽሑፍ መያዝ ሌላም ጥቅም አለው። ገዢዋ 38 አዝዛ 38 ከመጣላት፥ ሻጩ «የታዘዝሁትን ሰጥቻለሁ» ቢል ቃሉ ያስኬዳል። «ውስጡ 24 ከግማሽ ነው» ብሎ ጽፎ 23 የሆነ ቢልክ ግን ክርክሩ በማስመሪያ ያልቃል። በቴሌግራም የተጻፈውን አንዱ ወገን ከሁለቱም ዘንድ ሊያጠፋው ይችላልና፥ ገንዘቡ ከመላኩ በፊት የንግግሩን ፎቶ ማስቀረት ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ስለ ሽያጭ በሚናገርበት ክፍል፥ ገዢ ዕቃውን እንደ ተመቸው ወዲያው እንዲመረምርና ጕድለት ቢያገኝ ለሻጩ ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ያዛል። በሳጥኑ እንዳለ ሳምንት አስቀምጦ ለሠርግ ቀን መክፈት መብትን ያዳክማል።

ስለዚህ ጫማው ሲደርስ በዚያው ቀን ማታ በምንጣፍ ላይ ሁለቱንም አድርጎ ጥቂት መመላለስ ይገባል። ተረከዙ ባይወልቅ፥ ጣቶችም ሳይታጠፉ ቢያርፉ፥ ጫማው በመካከሉ ሳይሆን ከጣቶች ሥር ቢታጠፍ መልካም ነው። ሶሉም እጅግ የሳሳ እንዳይሆን መመልከት ነው፤ በኮብልስቶን መንገድ ለሚመላለስ ሰው የሳሳ ሶል ተረከዝን ያሳምማል። ይህ ሁሉ ሳይረጋገጥ ጫማውን ወደ ደጅ ይዞ መውጣት አይገባም፤ ሶሉ አፈር የነካውን ሻጩ መልሶ አይቀበልምና።

ባለቤቶችና እናቶች ሆይ፥ በዚህ ሰንበት የቤተ ሰቡን ሁሉ እግር በወረቀት አስምራችሁ፥ ስሙንና ቀኑን ጽፋችሁ ከደብተር ውስጥ አኑሩት። ጫማ በሚገዛበት ቀን የሚጠየቀው ይህ ወረቀት ይሁን።