በከሚሴ የቤቶች አስተዳደር ባለሞያ ለመሆን

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃንና በሸዋ ሮቢት በኩል ወደ ደሴ የሚጓዝ ነጋዴ፥ በቦርከና ወንዝ አጠገብ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ የሆነችውን ከሚሴን ያገኛል። በእንደዚህ ያለች የመንገድ ዳር ከተማ የቤት ነገር ከንግድ ነገር ተለይቶ አይታይም። የዕቃ ማከማቻውም የሠራተኛ ማደሪያውም በውልና በመዝገብ የጸና ነው፤ መዝገቡ የተዛባ እንደ ሆነ ግን አከራይም ተከራይም ሥራቸውን ፈትተው በፍርድ ቤት ደጅ ይመላለሳሉ። ስለዚህ መዝገቡን የሚጠብቀው የቤቶች አስተዳደር ባለሞያ ወደ ሥራው በምን መንገድ እንደሚገባ ማወቅ ለወላጅም ለነጋዴም የሚበጅ ነው።

በከተሞች ለዚህ ሞያ መስፋፋት ዋናው ምክንያት ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። በአዋጁ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ወርኀዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች በከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት እጅ ገቡ። «የቀበሌ ቤት» የሚለው ስም የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው። ኪራይ መሰብሰብ፥ ውል ማደስ፥ ዕድሳት መቆጣጠርና የተከራይን መብት መመርመር የባለሞያው ተግባር ነው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ ሥራውን አስፍቶታል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፥ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ፥ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። በክልሎች የሚሠራው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ሲሆን፥ የሱቅን ኪራይ አይመለከትም።

ወደ ሞያው የሚያደርሱት መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመሬት አስተዳደር፥ በኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ የከተማ አስተዳደር ይሰጣል፤ በቅርብም በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ምሕንድስና ይማሩበታል። ሁለተኛው የቴክኒክና ሞያ ትምህርት ተከታትሎ የብቃት ምዘናውን ማለፍ ነው። ሦስተኛው በመዝገብ ቤት ወይም በገንዘብ ሰብሳቢነት ጀምሮ፥ በማታ ትምህርት ዕውቀትን አዳብሮ ለደረጃ ዕድገት መወዳደር ነው።

በዚህ ዞን ግን ዲግሪ ብቻውን አይበቃም። ከዳዋ ጨፌ ወይም ከባቲ የመጣው ባለጉዳይ በአፋን ኦሮሞ ሲናገር፥ የአዋጁና የውሉ ቃል ደግሞ በአማርኛ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ቋንቋ አጥርቶ የማያውቅ ሠራተኛ ሳያውቀው ፍርድ ያጓድላል።

ከሁሉም በላይ የሚፈለገው ታማኝነት ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ከምትኖርበት ቤት መውጣቷ ወይም መቆየቷ፥ ባለሱቁም ከባንክ ብድር ማግኘቱ ወይም መከልከሉ፥ በአንዲት ፊርማና በአንድ ፋይል ላይ ሊያርፍ ይችላል። እንግዲህ ልጁን ለዚህ ሞያ የሚያሰናዳ ወላጅ፥ ከሒሳብና ከሕግ አስቀድሞ እጁን ከመማለጃ መጠበቅን ያስተምረው፤ ነጋዴውም ደረሰኝ ሳይቀበል ገንዘብ አይስጥ።