የአሶሳ ፎቶ ሲገመገም

አንድ ጀማሪ ፎቶ አንሺ ከአሶሳ ወደ ባምባሲ ሲጓዝ መንገድ ዳር ወርዶ የሽመል ደን አነሳ እንበል። ጊዜው እኩለ ቀን ነው። ፎቶው ላይ ሰማዩ ነጭ ሆኗል፤ ግንዶቹ ከኋላቸው ካለው ቅጠል ጋር ተደባልቀዋል፤ አስፋልቱ የምስሉን ሲሶ ይዟል። ጓደኞቹ «ዋው፣ ቆንጆ ነው!» ይሉታል። አዋቂ ነኝ ባይ ደግሞ «ካሜራ ቀይር» ይለዋል። ከሁለቱም የሚማረው ነገር የለም።

ጀማሪን የሚያሳድግ አስተያየት መስጠት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በፎቶግራፈሮች ዘንድ የታወቀ መድረክም አለው፤ ፖርትፎሊዮ ሪቪው ይሉታል። ፎቶ አንሺው መርጦ ያመጣቸውን ሥራዎች ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፤ ገምጋሚው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ያያል፣ ይጠይቃል፣ የታየውን ይናገራል። ይህን አሠራር በስፋት ካስለመዱት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ ሂዩስተን የመጀመሪያውን ትልቅ ዝግጅቱን ያካሄደው ፎቶፌስት ሲሆን፣ እዚያ አንድ ግምገማ 20 ደቂቃ ይወስዳል። እኛም አገር አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት ከዐውደ ርዕዩ ጎን ለጎን ለፖርትፎሊዮ ግምገማ ቦታ ሰጥቷል።

ጥሩ ገምጋሚ ለመናገር አይቸኩልም። ዝም ብሎ አይቶ ሲያበቃ መጀመሪያ የሚናገረው ዓይኑ የሄደበትን ነው፦ «እኔ ቀድሞ የታየኝ አስፋልቱ ነው።» ቀጥሎ ይጠይቃል፦ «አንተ ልታሳየን የፈለግኸው ምን ነበር?» ምክሩ የሚወሰነው በዚህ መልስ ነው። ሽመል ከደጋው ቀርከሃ የሚለየው ውስጡ ድፍን በመሆኑ ነው። ልጁ ይህን ጥንካሬ ማሳየት ከፈለገ መንገዱን ትቶ ወደ ደኑ መግባት፣ ተቆርጦ የተከመረ ካለ ጫፉ ድረስ መጠጋት አለበት። የደኑን ስፋት ከሆነ ደግሞ ከፍታ ቦታ ፈልጎ ቁልቁል ማየት ይሻለዋል። አንድ ፎቶ፣ ሁለት ተቃራኒ ምክር። ጥያቄውን የዘለለ ገምጋሚ የራሱን ፎቶ በልጁ እጅ ሊያስነሳ ይሞክራል።

ስለ ብርሃን የሚሰጠው ምክርም አገሩን ማወቅ ይጠይቃል። «ጀምበር ስትጠልቅ አንሳ» የሚለው የተለመደ ትምህርት በአብዛኛው የመጣው ፀሐይ በዝግታ አግድም ከምትወርድባቸው የሰሜን አገሮች ነው። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ በምትገኘው አሶሳ ግን ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትጠልቀው፤ ወርቃማው ብርሃን ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ለአሶሳ ጀማሪ የሚጠቅመው ምክር ቦታውን ቀን መርጦ፣ ካሜራውን አስተካክሎ፣ 11 ሰዓት ሳይሞላ እዚያው እንዲገኝ ነው። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መገባደጃ ደግሞ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ አናት ላይ ትቆማለች፤ ጥላ ከእግር ሥር ይጠፋል፣ ሰው ቀና ብሎ ሲነሳ የዓይኑ ጉድጓድ ይጠቁራል። ያኔ የማንጎ ዛፍ ጥላ ከማንኛውም ሌንስ ይበልጣል።

ሰው ያለበት ፎቶ ሲሆን ነገሩ ይጠነክራል። የበርታ ሕዝብን የዋዛ ሙዚቃ እንውሰድ። ከቅል የተሠሩት ረጃጅም መለከቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድምፅ ብቻ ያሰማሉ፤ ዜማው የሚወለደው ነፊዎቹ ተራ በተራ ሲቀባበሉ ነው። የአንድ ነፊን ጉንጭ አቅርቦ የሚያሳይ ፎቶ በቴክኒክ እንከን ላይኖረው ይችላል። ሆኖም ዋዛን የሚያውቅ ገምጋሚ «ሌሎቹስ የት አሉ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ተገቢም ነው። ሰውየው ፎቶ ለመነሳት ፈቅዶ እንደሆነም ይጠይቅ። በባህላዊ መንገድ ወርቅ የሚያጥቡ ሴቶችን ከሩቅ በዙም ስቦ ላነሳ ጀማሪ ይህ ጥያቄ ከቀለምና ከፍሬም በፊት መምጣት አለበት።

የጉባው የሕዳሴ ግድብ ፎቶዎች ላይ ተደጋግሞ የሚታየው ችግር መጠን ነው። ዋናው ግድብ 1.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ነገር ግን አጠገቡ ሰው ወይም መኪና ከሌለ ፎቶው ላይ ተራ ግንብ ይመስላል። «ግዝፈቱ አልታየኝም» ማለት ብቻውን ልጁን ያስከፋዋል። «ግድቡ አናት ላይ መኪና እስኪያልፍ ብትጠብቅስ?» ቢባል ግን ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል።

የግምገማው የመጨረሻ ደቂቃዎች ለቀጣዩ ጉዞ ቢውሉ መልካም ነው። በአሶሳ አካባቢ በጋው ሲገፋ ሣር ይቃጠላል፤ ጭሱና አቧራው የሩቁን ተራራ ይሸፍነዋል። በኤዲት ቀለም ጨምሮ ያን ጉም ለመግፈፍ የሚታገል ጀማሪ አፈሩን ከልክ በላይ ያቀላዋል። ለእሱ የሚሰጠው ምክር እዚያው ቦታ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት፣ ዝናብ ባባራ ማግሥት ጠዋት እንዲመለስ፣ ከዚያም አሮጌውንና አዲሱን ፎቶ ጎን ለጎን ይዞ እንዲቀርብ ነው።