ለቤተ ሰብ ሁሉ የሚታዘዝ ሪሞት

በቤቱ ሲኒማ ያሰናዳ ሰው፥ የቴሌቪዥኑ፥ የሪሲቨሩና የድምፅ ማጉያው ሪሞት በጠረጴዛ ላይ ተከማችቶበት ይታያል። ባለቤቱ በሌሉ ጊዜ ልጆች፥ ይልቁንም አረጋውያን እናቶች፥ የትኛውን እንደሚነኩ ተቸግረው ይቀመጣሉ። ስለዚህ ሁሉን የሚያዝ አንድ ሪሞት መግዛት መልካም ነው።

ነገር ግን ቍልፉን ከመነካካት አስቀድሞ፥ የእያንዳንዱ መሣሪያ ገመድ በቴሌቪዥኑ ጀርባ በስንተኛው ቀዳዳ እንደ ገባ በወረቀት እንዲጻፍ እንመክራለን። አብዛኛው ሪሞት ዓይን በማያየው ብርሃን ትእዛዝ ይልካል እንጂ መልስ አይቀበልም፤ መሣሪያው መብራቱን ወይም መጥፋቱን አያውቅም። እንግዲህ አንዱ ትእዛዝ ማብሪያም ማጥፊያም የሆነ እንደ ሆነ፥ የጠፋውን ሲያበራ የበራውን ያጠፋዋል፤ የብዙ ቤት ጭቅጭቅ ከዚህ የመጣ ይመስለናል። ማብሪያው ለብቻ፥ ማጥፊያውም ለብቻ የሆነበት የኮድ ቍጥር በመመሪያው ከተገኘ እርሱን መምረጥ ይሻላል።

ኮዱ ከታጣም፥ መማር የሚችለው ሪሞት ከአሮጌው ፊት ለፊት ተቀምጦ ትእዛዙን ይቀበላልና፥ አሮጌው አይጣል። ቴሌቪዥኑም እስኪነቃ ጥቂት ሴኮንድ ስለሚሻ፥ በማብሪያውና ቀዳዳውን በሚመርጠው ትእዛዝ መካከል ዕረፍት ይሰጠው።