ስለ ታላላቅ የቅንጣት ማፋጠኛዎችና ከጨረር ስለሚጠብቀው ደንብ

ራጅ የተነሣ ሰው ሁሉ፣ ልብ አላለውም እንጂ፣ ከአንዲት ትንሽ የቅንጣት ማፋጠኛ ፊት ቆሞ ያውቃል። በራጅ መሣሪያ ውስጥ ኤሌክትሮን የሚባሉት ረቂቃን ቅንጣቶች በኤሌክትሪክ ኃይል ተገፍተው ከብረት ጋራ ሲላተሙ ጨረር ይወጣልና። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው ሰርን የተባለው የምርምር ድርጅት በጄኔቭ አጠገብ፣ በስዊስና በፈረንሳይ ወሰን ላይ ያሠራው ታላቅ መሣሪያ ግን ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዋሻውም ከምድር በታች 100 ሜትር ያህል ይጠልቃል።

ይህ መሣሪያ የአቶም ኃይል ማመንጫ አይደለም። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ የቅንጣቱ ፍሰት ወዲያው ይቆማል። ይሁን እንጂ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ምጣዱ እንደሚፋጅ፣ ቅንጣቶቹ የመቱት ብረትና ግንብ ጨረር መስጠቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ደንቡ በመጀመሪያ ሰውና ፍሰት እንዳይገናኙ ያደርጋል፤ ቀጥሎም የጋለው ዕቃ እስኪበርድ ሠራተኛው እንዲታገሥ ያዝዛል።

የፊተኛው ሲጓደል ምን እንደሚደርስ እ.ኤ.አ. በ1978 በሶቪየት ኅብረት፣ በፕሮትቪኖ ታይቷል። አናቶሊ ቡጎርስኪ የተባሉ የፊዚክስ ሊቅ የተበላሸ ዕቃ ሊመረምሩ ጎንበስ ባሉ ጊዜ፣ መከላከያው ሳይሠራ ቀርቶ የፕሮቶን ፍሰት ራሳቸውን በስቶ አለፈ። ሕመም አልተሰማቸውም፤ ብርቱ ብርሃን ብቻ አዩ። በሕይወት ቢተርፉም የግራ ጆሯቸው ደነቆረ፣ የፊታቸውም ግራ ጎን ሽባ ሆነ።

በሰርን መሣሪያው ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ሰው ወደ ዋሻው ሲገባ፣ እያንዳንዱ የየራሱን ቁልፍ ከሰሌዳው ነቅሎ ይይዛል። አንዲት ቁልፍ ወደ ቦታዋ እስካልተመለሰች ድረስ ፍሰቱን ማስነሣት አይቻልም። ከደንቦቹ ሁሉ እኛ የምናደንቀው ይህንኑ ነው፤ የሰውን ደኅንነት በሌላ ሰው ትዝታ ላይ አይጥልምና።

የጨረር መጠን የሚለካው በሚሊሲቨርት ነው። በምድር ላይ የሚኖር ሰው ከአፈሩ፣ ከአየሩና ከሰማይ በአማካይ በዓመት 2.4 ያህል ይቀበላል። በጨረር አጠገብ የሚሠራ ሰው በ12 ወር ውስጥ ከሥራው የተነሣ ከ20 እንዳያልፍ ተወስኗል፤ ለጎረቤት ነዋሪ ወሰኑ 1 ብቻ ነው። እርጉዝ መሆኗን ላስታወቀች ሴትም በማሕፀኗ ያለው ሕፃን እስኪወለድ ድረስ ከ1 እንዳያልፍ ይጠበቃል። ወሰኑ ግን ፈቃድ አይደለም፤ በተቻለ መጠን ከዚያ እጅግ ዝቅ እንዲል ግዴታ አለ። ሠራተኛው በደረቱ የሚያንጠለጥለው መለኪያም በየወሩ ይነበባል።

ዋሻው በሁለት መንግሥታት ምድር ሥር ስለሚያልፍ፣ ተቆጣጣሪው ማን ይሁን? እ.ኤ.አ. በ2010 ሰርን ከፈረንሳይ የኒውክሌር ደኅንነት ባለሥልጣንና ከስዊስ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት ጋራ የሦስትዮሽ ስምምነት ተፈራረመ። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ አገሮች መርማሪዎች በአንድነት ይጎበኙታል፤ ከዋሻው የሚወጣው ጨረር ያለበት ቆሻሻም ተለክቶና ተለይቶ ለሁለቱ አገሮች ይከፋፈላል።